ዘጠኝ ጊዜ የሳቀችው ማዙ

ባሌ ኮክ-ሂን «በስልሳ ዓመት ሥራዬ አንዲት ጠማማ እንጨት ከእጄ አልወጣችም» ሲል አይታክተውም። ቁርስ ላይ ይለዋል፣ ገላውን ሲታጠብ ይለዋል፣ የሰው ለቅሶ ላይ ሳይቀር ይለዋል። እኔ አርባ ሦስት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ደንዝዟል።

የአማልክት ምስል ይቀርጻል፤ እንጀራችን የሚወጣው ግን ከጨረቃ እንጨት ነው። እዚህ ሉካንግ ከተማ የባሕሯን አምላክ ማዙን መጠየቅ የሚፈልግ ሁሉ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት እንጨቶች በሁለት መዳፉ ደረቱ ላይ ይይዝና ጥያቄውን ተናግሮ መሬት ላይ ይለቃቸዋል። የእንጨቱ አንድ ወገን ጠፍጣፋ ሆድ ነው፣ ሌላው ክብ ጀርባ። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ከወደቀ «እሺ» ብላለች። ሁለቱም በሆዳቸው ከተደፉ «እምቢ» ነው። ሁለቱም በጀርባቸው ከተንጋለሉ ግን እየሳቀችብህ ነው፤ ጥያቄህን አስተካክለህ ድገም። ለከባድ ጉዳይ «እሺ» ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መምጣት አለበት።

የእኛ ከባድ ጉዳይ ፒን-ዩ ነበረች፣ የልጃችን የያ-ሹ ልጅ። ሰባት ዓመቷ ላይ እግሯ ወደ ውስጥ መዞር ጀመረ፤ ከዚያ እጆቿ፣ ከዚያ አንገቷ። ጡንቻዎቿ ያለ ፈቃዷ ይጎትቷታል፣ ይጠመዝዟታል። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ማንኪያ እንኳ መያዝ አቅቷት በተሽከርካሪ ወንበር ትሄድ ነበር። ምላሷን ግን ማን ነክቶት! ሐኪሞቹ በሽታው ዲስቶኒያ እንደሚባልና ከብዙ ሺህ ልጆች አንዱን ብቻ እንደሚይዝ ሲነግሩን፣

«እንዲህ ዕድለኛ ከሆንኩ ሎተሪ ለምን አትቆርጡልኝም?» አለች።

ሐኪሟ ቀጭን ወጣት ሴት ናት፤ የማታውቀውን «አላውቅም» ትላለች፣ ለዚህ ወደድኳት። «ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አንጎሏ ውስጥ ጠልቀን እናስገባለን» አለችን። «ሽቦዎቹ በቆዳዋ ሥር ወርደው ደረቷ ላይ ከምትቀበር ትንሽ ባትሪ ጋር ይገናኛሉ። ባትሪዋ ቀስ እያለች ኤሌክትሪክ ትልካለች። በሽታውን አይነቅለውም፤ ሰውነቷ ግን ሊፈታላት ይችላል። ለውጡ ወራት ይፈጃል። አንጎል ውስጥ የመድማት አደጋም አለ፣ ትንሽ ነው፣ ግን አለ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ብዙ ከቆየን ግን መገጣጠሚያዎቿ እንደ ጠመሙ ይደርቃሉ። ያኔ ኤሌክትሪኩም አያቃናትም። እስከ ሰኞ መልስ ስጡኝ።»

ኮክ-ሂን ቤት እንደ ገባን ፈነዳ። «እንጨት እንኳ ልቡን ሲበሱት ይሰነጠቃል! የልጅ ጭንቅላት በስተው!»

«አባባ፣ አንተስ የአማልክቱን ጀርባ በስተህ ነፍስ ትከትባቸው የለ?» አለች ፒን-ዩ።

«እሱ ሌላ ነው!»

«አዎ ሌላ ነው። እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ግን እሺ ብያለሁ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ። «እሑድ ማዙ ትወስናለች» አለ፣ አለቀ። ያ-ሹ ደግሞ የአባቷ ልጅ፣ ቤቱን አቁሞ ያሳደጋት ሰው እሺ ሳይል ወረቀት ላይ አልፈርምም አለች። የልጅቷ አካል በሁለት እንጨት አወዳደቅ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ማዙን አከብራለሁ፤ ግን ሦስት «እሺ» በተከታታይ ስንቴ አይቻለሁ? ባለፈው የጎረቤታችንን የውሻ ስም ለመምረጥ እንኳ ቀኑን ሙሉ ፈጅቷል።

እንግዲህ አልዋሽም፣ አጭበረበርኩ። ቅዳሜ ኮክ-ሂን ምሳውን በልቶ ሲያሸልብ ሁለት አሮጌ ጨረቃ እንጨቶች ቦርቡሬ የዓሣ መረብ ማስመጫ እርሳስ ከተትኩባቸው፤ አንዷ ሁልጊዜ በጀርባዋ እንድትንጋለል፣ ሌላዋ ሁልጊዜ በሆዷ እንድትደፋ። በሰም ደፈንኩ፣ ቀይ ቀለም ቀባሁ። እሱ ለእሑድ ብሎ የቀረጻቸው አዲሶቹ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አንዷን አውጥቼ በተንጋላይዋ ተካኋት። ሁለተኛዋን ልተካ እጄን ስዘረጋ ሳሉን ሰማሁት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ ምን ትጎረጉሪያለሽ?»

«አቧራ እየጠረግኩ ነው!» አልኩ። ያወጣኋትን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። የእኔ አንዷ ከገባች ደግሞ ግማሽ ዕድል አለን ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እሑድ ጠዋት ብርቱካኑንና ኬኩን ይዘን ሰፈራችን ካለችው ትንሽ የማዙ መቅደስ ገባን። ኮክ-ሂን አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ተንበርክኮ ጠየቀ፣ ለቀቃቸው። ሁለቱም ተንጋለሉ። ሳቀች።

ሁለተኛም ሳቀች። ሦስተኛም። «ምናልባት ቀኑ አልተመቻትም» አለና ቀኑን ለውጦ ጠየቀ፤ ሳቀች። ስለ ሆስፒታሉ ጠየቀ፣ ስለ ሐኪሟ ጠየቀ፤ አሁንም ሳቀች። ሊሰግዱ የመጡ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ከበቡን። «ኧረ ዛሬ እናታችን ምን ነካት?» አለች አንዷ። በዘጠነኛው የባሌ አንገት በላብ ተጠምቆ ነበር። እኔም ግራ ገባኝ። ያጭበረበርኩት አንዷን ብቻ ነው፤ ሌላዋ ምን ሆና ነው ዘጠኝ ጊዜ በጀርባዋ የምትወድቀው? ቀና ስል ኮክ-ሂንም እኔን ያየኛል። አርባ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ ያንን ፊት አላውቀውም። የሌባ ፊት ነበር።

ፒን-ዩ በዚህ መሃል ከወንበሯ ጠማማ እግሯን ሰዳ አንዷን እንጨት በጣቷ ገፋ አደረገቻት። እንጨቷ ተገልብጣ ተመልሳ ተንጋለለች። ሌላዋንም ገፋች። እሷም ተመለሰች።

«ሁለቱም?» አለች ልጅቷ። «አባባ! እማማ! ሁለታችሁም?»

ቅዳሜ የሰረቅኳትን የእሱን እንጨት ከኪሴ አወጣሁና ወለሉ ላይ ጣልኳት። በሆዷ ተደፋች። ደግሜ ጣልኳት። ተደፋች። ለካስ ባለ ስልሳ ዓመቱ ጌታዬ እሱም አንዷን በጀርባ፣ አንዷን በሆድ እንድትወድቅ አድርጎ እርሳስ ሞልቶባቸው ኖሯል! እኔ ደግሞ ከሁለቱ ተደፊዋን ሰርቄ ተንጋላይ ጨመርኩበት። ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ፒን-ዩ ሳቀች፣ አንገቷ እስኪጠመዘዝ ሳቀች፤ ያ-ሹ ደግፋ ያዘቻት።

ሳቋ ሲበርድ፣ «አባባ፣ ምን እንድትል ብለህ ነው የሠራኻቸው?» አለችው።

«እሺ እንድትል።» ድምፁ አይሰማም።

«ታዲያ አንተ እሺ ካልክ እሷን ምን ትነዘንዛታለህ?»

ሽማግሌው ወለሉ ላይ እንደ ተቀመጠ «ፈራሁ ልጄ» አለ። «እሺ ብዬ ብትሞቺብኝስ? እሷ ካለችው ግን የእሷ ይሆናል። ብቻዬን አልቻልኩም።» አፍሬ ወለሉን አየሁ፤ እኔም የፈራሁት ያንኑ ነበር። ያ-ሹ ግን ከጎኑ ተንበርክካ «አባዬ፣ ብቻህን ሁን ማን አለህ?» አለችው። ሰኞ ፈረመች።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለፈ። ልጅቷ ተላጭታ፣ የደረቷ ባትሪ ከስልኬ ጎን ቻርጅ እየተደረገች፣ «ማን ቀድሞ እንደሚሞላ እንወራረድ» ትለኝ ጀመር። ሁለት ወር ምንም አላየንም። ሐኪሟ በየቀጠሮው ኤሌክትሪኩን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች፤ ኮክ-ሂን በረንዳ ላይ ሆኖ ምስል የማይወጣው እንጨት ይፍቃል። በሦስተኛው ወር አንገቷ ቀና አለ። በአምስተኛው ማንኪያ ያዘች፤ ሾርባው ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ፣ ማንም አልተቆጣም።

በስድስተኛው ወር መቅደሱ ውስጥ፣ «እንጨቶቹን ስጡኝ፣ ሐቀኞቹን» አለች። እስከዚያ ቀን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር የሚጠይቅላት። መዳፎቿ ተንቀጠቀጡ፣ ግን ተገናኙ። ደረቷ ላይ፣ ባትሪዋ ካለችበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ እንጨቶቹን ያዘች። አንድ ነገር አንሾካሾከችና ለቀቀቻቸው። ሁለቱም ተደፉ።

«እምቢ!» ብላ ጮኸች። «እሰይ! እምቢ አለችኝ! በገዛ እጄ!»

«ምን ጠይቀሽ ነው?» አልኳት።

«አባባ ስለ ስልሳ ዓመቱ መፎከሩን ይተዋል ወይ ብዬ።»

ኮክ-ሂን እንጨቶቹን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፣ ከዚያም ፊቱን እንደ ደፋ ብዙ ቆየ። ጉልበቴ ነው አለ። ጉልበቱ ደህና ነው።