ኪኒን ያስጣለ ማስታወቂያ

ሻሺቱን «አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣሻል?» ብሎ የሚጠይቃት ቢገኝ፣ መጀመሪያ የምትጠራው ብር አይደለም። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ቅጠል የሚያመጣላት ጋሪ አለ፤ ወፍጮ አለ፤ የስልክ ካርድ አለ። እነሱን ሁሉ ትችላቸዋለች። ቀኗን የሚበላባት መልስ መስጠት ነበር።

«ሀለኮ ምንድን ነው?»

«ሽፈራው የሚሉት ነው፣ እህቴ።»

«እንዴት ይበላል?»

«ወጥ ላይ፣ ገንፎ ላይ፣ ሾርባ ላይ ነስነስ ነው።»

«ሐዋሳ ይደርሳል?»

ይደርሳል። ይህንኑ ሲጠይቋት ትውላለች፤ ይህንኑ ከወንፊት ላይ ባነሳችው እጇ ስትጽፍ ትውላለች። ስልኳ አረንጓዴ፣ ነጠላዋ አረንጓዴ፣ የሕፃኗ የሰሊሆም ጉንጭ አረንጓዴ። አንድ ቀን ለደንበኛ ስትመልስ የተሰጣውን ቅጠል የጎረቤት ፍየል ጠራርጋ በላችው።

ሻሺቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣላት ቀርቶ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ትዳር ይዛ የተቀመጠች ሴት ናት። ቅጠሉን አጥባ ጥላ ላይ ታደርቃለች፤ ፀሐይ ካገኘው መልኩ ይጠፋል። ከዚያ ታስፈጫለች፣ ትነፋለች፣ ታሽጋለች። አርባ ምንጭ ላይ ሀለኮ ለማንም ብርቅ አይደለም። በየግቢው የበቀለ፣ ከበቆሎ ዱቄት ጋር ኩርኩፋ ሆኖ በየቤቱ የሚበላ ነገር ነው። ሌላው አገር ጎመን እንደሚበላው ማለት ነው። ብርቅ የሚሆነው ለደጋው ሰውና ለሩቅ ከተማ ሰው ነው፤ ገበያዋም እነሱው ናቸው።

የፍየሏን ጉዳይ የሰማው የባሏ ታናሽ ወንድም ዮናስ ሲስቅ ቆየና፣ «ሻሺዬ፣ ጸሐፊ ቅጠሪ እንጂ» አላት። ተመርቆ ሥራ በማፈላለግ ላይ ያለ ልጅ ነው።

«በምን አቅሜ?»

«በነፃ ነዋ! ስልክሽ ላይ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት።»

ስልኳ ላይ ሦስት ዓይነት ጫነላት። አንዱን፣ ሌላውን፣ ሦስተኛውን «ስለ ሀለኮ ማስታወቂያ ጻፍ» እያሉ ሞከሩ። የሁለተኛው መልስ ረዘመባቸው። የሦስተኛው አማርኛ ደረቅ ሆነባቸው። የመጀመሪያው ግን ጉድ ነው! «የምድር በረከት! የደም ስኳርን የሚያስተካክል፣ ግፊትን የሚያወርድ፣ ተፈጥሮ ራሷ የቀመመችው ፈውስ!» ብሎ አወረደው።

«ኸረ ጎመናችንን አነገሠው!» አለች ሻሺቱ።

እውነቱን ለመናገር፣ እሷ ቃሉን እንደ ሙገሳ ነው የሰማችው። ሰው ጥሩ ወጥ በልቶ «ነፍሴን መለሰችው» ቢል፣ ሞቶ ነበር ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የበላችውን ቅጠል ሰው እንደ ኪኒን ቆጥሮ ይወስደዋል ብላ በምን ታስብ? ማስታወቂያውን በስሟና በስልክ ቁጥሯ አሳትማ በየፓኬቱ ለጠፈች። ለደንበኞችም በቴሌግራም ያው ማሽን እንዲመልስ ፈቀደችለት። እጇ ተፈታ። ሰሊሆምን ተረጋግታ ማጥባት ቻለች። ፍየሏም ከዚያ ወዲህ አልቀናትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየነፋች ሳለ ስልኳን ከፈት ብታደርግ የምስጋና መልእክት አገኘች። ከካምባ ከተማ ነው፤ መቅደስ ከምትባል ደንበኛ።

«ሻሺቱ፣ እግዜር ይስጥሽ። አባባ ያንቺን ሀለኮ ከጀመረ ወዲህ የስኳር ኪኒኑን ትቶ ተገላግሏል። ሌላ ላኪልን።»

ከሥሩ ማሽኑ መልሷል። «እንኳን ደስ አለዎት! የተፈጥሮን መንገድ ስለመረጡ እናመሰግናለን። ስንት ፓኬት ልላክ?»

ወንፊቱን አስቀምጣ ደወለች፤ የካምባ መስመር አልሠራ አለ። ደግማ ደወለች። «ኪኒኑን እንዳይተው!» ብላ ጻፈች፤ መልእክቱ አልደርስ አለ።

«ነገ ኔትወርክ ይመጣል፣ አትጨነቂ» አላት ዮናስ።

«ስኳር ኔትወርክ ይጠብቃል እንዴ፣ ዮኒ?»

መልስ ሰጪውን አጠፋችው። በማግስቱ ሰሊሆምን አዝላ በመጀመሪያው የካምባ መኪና ተሳፈረች። ሙሉ መንገዱን የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የማታውቀው ሽማግሌ በእሷ ቃል ታሞ ተኝቶ እንዳይሆን።

አልተኙም። የመቅደስ አባት ጋሽ ክብሩ የታወቁ ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ቤታቸውን ለማግኘት አልተቸገረችም። በረንዳቸው ላይ ከሲንጀር ስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠው፣ አጠገባቸው የውሃ ጆግ ይዘው አገኘቻቸው።

«ማን ልበል?»

«ሻሺቱ ነኝ፣ ጋሼ። የሀለኮዋ።»

«ውይ፣ ሐኪሜ መጣች! መቅደስ! ነይ ሐኪሜን እያት፤ ልጅ አዝላ ነው እኮ የምታክመው!»

«ሐኪም አይደለሁም፣ ጋሼ። ቅጠል ሻጭ ነኝ። ኪኒንዎ የት አለ?»

«ኪኒን? ፈውስ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ማሽን ነው የጻፈው» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው የማሽን ስም አይደለም። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ተሳስቻለሁ። ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

ሽማግሌው ከጆጉ ቀድተው ጠጡ፤ ደግመው ቀዱ። ከንፈራቸው ደርቋል። ከጓዳ የወጣችው መቅደስ አባቷን አየች፣ ሻሺቱን አየች። «ውሃው ሲበዛበት ሀለኮው እያጠበው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች፤ ድምጿ እየወረደ ሄደ። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች።

ጤና ጣቢያ ሲለካ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ ውሃ አብዝተው የጠጡት እኮ ስለታመሙ ነው፤ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ራሳቸውን ይስቱ ነበር አለች። ኪኒኑን እዚያው አስጀመረቻቸው። ሀለኮውንም እንደ ምግብ ከሆነ ይብሉት፤ ኪኒኑን ግን እንዳይነኩት፣ ለክትትል ሲመጡም የሚበሉትን ሁሉ ይንገሩን አለቻቸው።

ሻሺቱ ቁጣ ነበር የጠበቀችው። ጋሽ ክብሩ ግን ሲመለሱ መንገድ ላይ ሳቃቸው መጣ። «ዕድሜዬን ሙሉ ነጋዴ አውቃለሁ። እቃዬን አትመኑ ለማለት መኪና የተሳፈረ ግን አይቼ አላውቅም። ሌላው ቢሆን ሁለት ፓኬት ጨምሮ ይሸጥልኝ ነበር!»

«ጋሼ፣ አይሳቁብኝ።»

«አልሳቅሁብሽም፣ ልጄ። ደስ ብሎኝ ነው። በይ አሁን ኩርኩፋ እንዴት እንደሚሠራ ለመቅደስ አሳያት፤ ዱቄቱን በውሃ ስታጠጣኝ ነው የከረመችው።»

ማድ ቤት ገብተው በቆሎውን ሲያቦኩ ሻሺቱ ጽሑፉን የጻፈላት የስልኳ ማሽን እንደሆነ ነገረቻት፤ ያኔ መቅደስ አንድ ነገር ተናገረች። ሻሺቱ እስከ ዛሬ ይህን ቃል ስታስብ ታመሰግናታለች። «ያን ማሽንሽን የመረጥሽው ሻጭ ሆነሽ ነው። በአባባ ቦታ ሆነሽ ብትጠይቂው ኖሮ ታውቂበት ነበር።»

ቤቷ ስትገባ ዮናስን ጠርታ ሦስቱንም አስከፈተችው። «አሁን እኔ ጋሽ ክብሩ ነኝ። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ ስኳር አለብኝ፤ ሀለኮ ከጀመርኩ ኪኒኑን ልተው?»

የመጀመሪያው «ቀስ በቀስ ሊተዉት ይችላሉ» ብሎ ጀመረና ስለ ተፈጥሮ ተቀኘ። ዮናስ ሳትነግረው ከስልኳ አጠፋው። ሁለተኛው ዞሮ ዞሮ ትክክሉን ተናገረ፤ ግን ጋሽ ክብሩ እስከዚያ አንብበው አይደርሱም። ሦስተኛው፣ ያ አማርኛው ደረቅ የተባለው፣ «አይተዉ። ሀለኮ ምግብ ነው። ኪኒኑን ያዘዘልዎትን ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ» አለ።

«ስለ ኩርኩፋ ጠይቀው» አለች ሻሺቱ።

«በዚህ ምግብ ላይ እርግጠኛ መረጃ የለኝም» ሲል መለሰ።

«አየሽው? ኩርኩፋ እንኳ አያውቅም!»

«ኩርኩፋን እኔ አስተምረዋለሁ። የማያውቀውን አላውቅም ካለኝ ይበቃኛል።»

እሱን ያዘች። ዋጋ፣ አበሳሰል፣ መላኪያ እሱ ይመልሳል። ሰው ስለ ሕመም ወይም ስለ መድኃኒት ካነሳ ግን ዝም ይላል፤ ጥያቄው ወደ እሷ ይመጣል። አዲሱ ወረቀት ላይ የተጻፈው አጭር ነው፦ «ሀለኮ። ምግብ ነው። መድኃኒት አይተካም።» ፈውስ ፈልገው ይገዙ የነበሩ ጥቂቶች ቀሩ። የሚበሉት አልቀሩም። አሁንም ሰሊሆምን ተረጋግታ ታጠባለች፤ አሁንም ቀኗ በመልስ አያልቅም። ጋሽ ክብሩ ለበዓል ሲደውሉ «ሐኪሜ፣ ኪኒኔን ውጫለሁ» ይሏታል። ስልኩን ስትዘጋ «ተመስገን» ማለት አትረሳም።

አንድ ነገር ግን ይቆጠቁጣታል። ስልካቸውን ለምታውቃቸው ደንበኞች ሁሉ ደውላለች። ፓኬቱን መናኸሪያ ላይ በመኪና መስኮት ገዝተው ያለፉትን መንገደኞች ግን ከየት ታግኛቸው? ስለዚህ የምትለምነው እናንተን ነው።

«ከሻሺቱ የተገዛ፣ ፈውስ የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፓኬት ቤታችሁ ካለ፣ እባካችሁ ወረቀቱን ቅደዱት። ዱቄቱን ግን ብሉት፤ ገንፎ ላይ ይጥማል። እሱን አምኖ ኪኒኑን የተወ ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱልኝ። ከዚያ ደውሉልኝ፤ ራሴ ነኝ የማነሳው።»