«ተኚ» ያለው ማን ነው?

ልጅ ሆኜ እናቴን ከሚያሰለቿት ነገሮች አንዷ «ማን አለ?» የምትል ጥያቄዬ ነበረች። በምሽት ቤት አይጠረግም ስትለኝ «ማን አለ?»፣ ቆሞ ውኃ አይጠጣም ስትለኝ «ማን አለ?»። መልስ ሲያጥራት «እኔ አልኩ» ትልና ነገሩን ትዘጋዋለች። ሕክምና ልማር ስገባ በመጨረሻ ለጥያቄዬ የሚሆን ቤት አገኘሁ ብዬ ነበር። ብዙም ሳልቆይ ግን እዚያም ቤት «እኔ አልኩ» የሚሉ እናቶች ሞልተው አገኘኋቸው፤ ልዩነቱ ነጭ ጋውን መልበሳቸው ነው።

እርግጥ ዘመኑ ተለውጧል። አሁን «በማስረጃ የተደገፈ ሕክምና» የሚባል ነገር አለ። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ትርጉሙ የእኔው የልጅነት ጥያቄ ነው። ይህን አድርጊ ያለው ማን ነው? ስንት ሰው ላይ አይቶ? ካልተደረገላቸው ጋር አነጻጽሮ ነው ወይስ እንዲያው ደስ ብሎት? «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚባለው ይኸው ይመስለኛል። የማህፀንና የጽንስ ሐኪም ሆኜ ቦንጋ ስመጣም ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው የመጣሁት። ሁሉንም ነገር ግን አልጠየቅሁም ነበር። አንዳንዱ ልማድ ከመለመዱ የተነሣ ሊጠየቅ እንደሚችል እንኳ ትዝ አይልም።

«ተኚ» የሚለው ትእዛዝ እንደዚያ ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ከታያትና የጽንሱ ልብ በአልትራሳውንድ ሲመታ ከታየ፣ እኛ ሐኪሞች «ቤድ ረስት» እንላለን። አልጋ ላይ ተኝታ ትቆይ ማለት ነው። እኔን ያስተማሩኝ እንዲህ ይሉ ነበር፤ እነሱን ያስተማሯቸውም እንዲሁ። ሲሉ ሰምቼ እኔም እል ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ የጫካ ቡና ቀልቶ ሰው ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ደን በሚገባበት ሰሞን፣ አንዲት ወጣት ሴት ግማሹን በእግር ግማሹን በባጃጅ ተጉዛ ከአማቷ ጋር መጣች። ከዚያ በፊት ሁለት ጽንስ ጨንግፎባታል። አሁን ሦስተኛውን አርግዛ ደም ማየት ጀምራለች። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፤ መናገሩን ግን ታፍራለች። አማትየዋ ምንም አያፍሩም፤ የሚያውቋትን ጥቂት አማርኛ ያለ ርኅራኄ ይሠሩባታል። ነገር ሲጠብቅብን አብራኝ የምትሠራው አዋላጅ፣ የቦንጋ ልጅ ናት፣ በካፊ ኖኖ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ታግባባናለች። እኔ «ሲስተር» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ጥያቄ ስለማበዛ ብዙ ስም አውጥታልኛለች።

መሣሪያውን ሆዷ ላይ ሳሳርፍ የጽንሱ ልብ ስክሪኑ ላይ ቶሎ ቶሎ ሲመታ ታየ። ደስ አለኝ፤ እንደ ልማዴም «እንግዲህ ትተኛለሽ» አልኳት። ልጅቷ አልተከራከረችም። በጎን መዞር ይፈቀድ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋ አሳቀኝ። ከዚያ ስለ መተኛት ከእኔ የበለጠ ያሰበችበት መሆኑ ገረመኝና ያለፉት ሁለቱ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋት። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ጤና ባለሙያ ተኚ ብሏት፣ ባሏ የአልጋውን እግርጌ በድንጋይ ከፍ አድርጎላት ተኝታ ነበር። ቤት ውስጥ ብቻዋን በነበረችበት ቀን ዝንጀሮ በቆሎው ውስጥ ገባ። የዓመት ቀለብ ሲበላ ተኝቶ የሚያይ ማን ነው? ተነሥታ እየጮኸች አባረረች። በማግሥቱ ጨነገፈባት። ቤተሰቡ በሙሉ በዝንጀሮው ምክንያት ነው አለ፤ ማለትም እሷ በመነሣቷ። በሁለተኛው ጊዜ ዝንጀሮ ቢመጣም ጅብ ቢመጣም አልተነሣችም። ገላዋን እንኳ ተኝታ ነበር የምትታጠበው። እሱም ጨነገፈ። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ሳያያት ተነሥታ ይሆናል ተባለ።

ይህን ስትናገር አማትየዋ ጣሪያውን ያዩ ነበር። እኔ ግን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ብትነሣ በመነሣቷ፣ ባትነሣ ሳትነሣ አትቀርም ተብሎ የሚፈረድባት ከሆነ፣ ይህ ትእዛዝ በምን ቀን ነው ተሳስቶ የሚገኘው? እንዲህ ያለ የማይሸነፍ ነገር ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። «ተኚ» ያልኩትን ሳላጸና ቦንጋ ውስጥ ዘመዶቿ ቤት ሰንብታ ከነገ ወዲያ እንድትመለስ፣ ደሙ ከበረታ ግን ወዲያው እንድትመጣ ነግሬ ሸኘኋቸው።

ግቢያችን ውስጥ ኔትወርክ ደህና የሚይዘው የውኃው ሮቶ አጠገብ ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ማንበብ ያዝኩ። ሲስተር በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር ውኃው አልቆ እንደሆነ እየጠየቀች ታሾፍብኛለች። የጠበቅሁት፣ መተኛት ይጠቅማል የሚል አንድ የቆየ ትልቅ ጥናት አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ሁሉ ሴት ያስተኛነው በባዶ ሜዳ ሊሆን አይችልም። ያገኘኋቸው፣ የተኙትን ካልተኙት ጋር ያነጻጸሩት ጥናቶች ግን ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ በእነሱም መተኛቱ ጽንሱን እንዳተረፈ አልታየም። የዚህ ጊዜ ጽንስ ሲጨነግፍ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጽንሱ ገና ሲፈጠር በዘረመሉ ላይ የደረሰ ስሕተት ነው፤ የእናቲቱ መቆምም መተኛትም አይመልሰውም። እንደ እሷ ደም ለታያትና ከዚህ በፊት ለጨነገፈባት ግን ሊረዳ የሚችል አንድ መድኃኒት አለ። እሱን ከጅማ እንዲያመጡልን ላክን።

ቢሆንም አልረጋሁም። አይጠቅምም መባሉና እንደሚጠቅም ማስረጃ አልተገኘም መባሉ አንድ አይደሉም። የድሮ አስተማሪዬ ጋ ደወልኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና «ቢሆንስ ምን ይጎዳል?» አሉኝ። የእኛ አገር ሴት ሐኪም ካላዘዘላት ማን ዕረፍት ይሰጣታል ብለውም ጨመሩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቡና ለቀማ ወቅት «ዶክተር ተኚ ብላኛለች» ከሚለው ውጪ እግሯን የምትዘረጋበት ፈቃድ የሌላት ሴት ብዙ ናት። ስልኩን ዘግቼ «ምን ይጎዳል?» የሚለውን ስመላለስበት ዋልኩ።

መልሱን የሰጠችኝ ራሷ ልጅቷ ናት። በቀጠሮዋ ስትመጣ አማትየዋ ውጪ አግዳሚው ላይ ቀሩ። ያነበብኩትን በቀላል አማርኛ ነገርኳት፤ መድኃኒቱን ትወስዳለች፣ ሲደክማት ታርፋለች፣ ካልደከማት ደግሞ ሥራዋን ትሠራለች፤ አልጋ ላይ መዋል የለባትም። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ግን ክው አለ።

«ዶክተር፣ ተኚ በይኝ» አለችኝ።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ሲስተር ጎንበስ ብላ ሰማቻትና ለእኔ ነገረችኝ። ተኝታ ቢወርድባት ምናልባት ከእግዚአብሔር ነው ይላሉ። ቆማ ቢወርድባት ግን እሷ ናት ገዳይዋ። ከሦስተኛ በኋላ ደግሞ ባሏን ሌላ አግባ የሚሉት ዘመዶች ዝም አይሉም። ስለዚህ መተኛቱን የምትፈልገው ለጽንሱ ብላ ብቻ አይደለም፤ ከወረደ ጥፋተኛ እንዳትሆን ነው። ያነበብኩት ሁሉ ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። ለእኔ ትእዛዙ ልማድ ነበር፤ ለእሷ ግን ምስክር ነው። በዚያው ምስክር ደግሞ ሁለት ጊዜ ተፈርዶባታል። ጉዳቱ ይኸው ነበር፤ አንዲት ሴት ልትጠብቀው የማትችለውን ነገር ጠብቂ ብለን ኃላፊነቱን ጀርባዋ ላይ ጭነንባት ኖረናል። በጣም አዘንኩ፤ ተናደድኩም።

እሷን ብቻ ማሳመን እንደማይበቃ ያን ጊዜ ገባኝ። አማትየዋን አስገባኋቸውና ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። የልቡን ምት ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ለልጅቷ ያልኩትን ሁሉ ለእሳቸው ደገምኩ፤ ሲስተር አንድ በአንድ ተረጎመችው። ይህ ጽንስ ቢቆይም ቢወርድም በመቆሟ ወይም በመተኛቷ አይደለም፤ ያለፉትም እንዲሁ። አማትየዋ ተነሥተው ወጡ። ተቀየሙኝ ብዬ አሰብኩ።

ልጅቷ መድኃኒቷን ልትቀበል ፋርማሲ ስትሄድ ጠብቀው አማትየዋ ብቻቸውን ተመለሱ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«ዶክተር፣ እኔም ወረደብኝ» አሉ። «ከዚህ ልጄ በፊት። ቆጮ ተሸክሜ ቦንጋ ገበያ ስመጣ፣ መንገድ ላይ። አማቴ እስክትሞት ድረስ ልጅሽን ለቆጮ ሸጥሽው አለችኝ። እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

ስንት ዓመት ይህን ተሸክመው እንደኖሩ መገመት አልቻልኩም፤ ልጃቸው ራሱ ጎልማሳ ነው። ማስረጃ የሚናገረው ስለ ብዙዎች ነው፤ እሳቸው የጠየቁኝ ስለ አንዱ ነው። ስለ ከባድ ሸክም ደግሞ ጥናቱ እንደ መተኛቱ ጥርት ያለ አይደለም። «አብዛኛውን ጊዜ»፣ «ሳይሆን አይቀርም» የሚሉት የእኔ ጥንቁቅ ቃላት ሁሉ ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። ሲስተር ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«እማማ፣ ያን ቀን እኔ አልነበርኩም» አልኳቸው። «ነገር ግን ቆጮ ተሸክመው የወለዱ ብዙ ናቸው፤ ተኝተው የወረደባቸውም ብዙ ናቸው። እርስዎ አይደሉም።»

የመጨረሻዋን ቃል ከየትኛው ጥናት እንዳመጣኋት ብጠየቅ መልስ የለኝም። አማትየዋ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጥብቀው አጣፉ፣ ዝናብ ሳይመጣ ባጃጅ መያዝ እንዳለባቸው ተናገሩ፣ ወጡ። ያለቀሰችው ሲስተር ናት፤ ጓንት የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ።

ልጅቷ በዚያ ወቅት ቡና ለቀመች። አማትየዋ ከጎኗ ሆነው ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ እያጎነበሱላት፣ እሷ ዝቅ ያለውን። ለክትትል በመጣች ቁጥር ሆዷ ገፍቶ፣ አማርኛዋም ደፍሮ ነበር። ሰኔ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። መድኃኒቱ ነው ያዋለዳት? ወይስ ጽንሱ ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር? ዛሬም አላውቅም፤ ይህን አለማወቄም አይከፋኝም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ መስከረም ጠብቶ ቡናው እንደገና ሲቀላ ሲስተር እየሳቀች መጣች። በማንኪራ በኩል ደም የታያት ሴት ሁሉ ቡና ልቀሚ እየተባለች ነው፤ ዶክተሯ ያዘዘችው አዲስ መድኃኒት ነው ተብሎ። ራሴን ያዝኩ። አንዲት ሴት ስላስተኛን አንድ ልማድ፣ አንዲት ሴት ስላስነሣን ደግሞ ሌላ ልማድ። ለመጣችው ሁሉ የአንዲት ሴት ዕድል ማስረጃ እንደማይሆን፣ የፈለገች እንድታርፍ የፈለገች እንድትለቅም ማስረዳት ሥራዬ ሆነ። የቡናው ወሬ ግን ከእኔ ይልቅ ፈጣን እግር ነበረው።

ከሁሉም የፈራሁት ቀን አልቀረም። ኅዳር ላይ አማትየዋ አንዲት የጎረቤት ልጅ ይዘው መጡ። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ደም ሲታያት ቡና እንድትለቅም የመከሯት ራሳቸው አማትየዋ ናቸው። አልትራሳውንዱን አሳረፍኩ፣ ጠበቅሁ፣ ደግሜ አየሁ። ልቡ አይመታም። ቀስ ብዬ ነገርኳት።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ቡናውን ባልለቅም ኖሮ እያለች ታለቅስ ጀመር። እኔ ወደ አማትየዋ ለመዞር ፈራሁ። ባለፈው ዓመት ከላያቸው ላይ ያነሣሁላቸው ሸክም አሁን እጥፍ ሆኖ ተመለሰባቸው፤ ይቺም ከነቤተሰቧ እሳቸውን ትወቅሳለች፤ እሳቸውም እኔን ይወቅሳሉ ብዬ አሰብኩ።

አማትየዋ ግን በርጩማውን ስበው አልጋው አጠገብ ተቀመጡና በካፊ ኖኖ ረጅም ነገር ማውራት ያዙ። ከሚሉት ውስጥ እኔ የለየሁት ቦንጋ የሚለውን ስም ብቻ ነው። ሲስተር ቀስ ብላ የቆጮውን መንገድ እየነገሯት መሆኑን፣ አማታቸው ያሏቸውንም ሳይደብቁ እየነገሯት መሆኑን ሹክ አለችኝ። ልጅቷ እየሰማች ማልቀሷን ቀነሰች። ከዚያ እጇን ያዙና፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ «አንቺ አይደለሽም» አሏት።

ልጅቷ ከግድግዳው ዞር አለች።

«ማን አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ወደ እኔ ይጠቁማሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ያነበብኩትን ሁሉ ልደግምላት አፌን ከፍቼ ነበር። አማትየዋ ግን ዞረው እንኳ አላዩኝም።

«እኔ አልኩ» አሏት።