ሙሴና ራምሴስ በአቡጀዲ ላይ

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ልብስ መስፊያ ቤት፣ ሱሪ ለማሳጠር የገባ ሰው ስለ ፈርዖን ሳይሰማ አይወጣም። የባለቤቱ የአቶ ወንድይፍራው አመል ነው። እግሩን ሊለኩ ጎንበስ እንዳሉ፣ ለመሆኑ ሙሴ ከግብፅ ሲወጣ ንጉሡ ማን ነበር ብለው ይጠይቃሉ። ደንበኛው ታክሲ ያመልጠኛል ብሎ ቢቁነጠነጥም ሜትሩ እግሩ ላይ ስለሆነ የትም አይሄድም።

መልሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት ያለውን አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት፣ አሥሩን ዓመት በአንድ ሴንቲሜትር መትረው ነጭ አቡጀዲ ላይ ጽፈውታል፤ ጨርቁ ሦስቱን ግድግዳ ይዞራል። ከሥሩ በዚያው ልኬት የግብፅ ነገሥታት የተጻፉበት ሌላ ጨርቅ አለ። የሁለቱም ጫፍ ልደት ላይ ተገጥሞ በአንድ ሚስማር ተይዟል። ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ ሙሴ ልክ ራምሴስ አናት ላይ ይቆማል። እስራኤላውያን ለፈርዖን ራምሴ የምትባል ከተማ እንደ ሠሩስ ኦሪት ላይ ተጽፎ የለም? ለአቶ ወንድይፍራው ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ለመምህር ገሜዳ ግን አላለቀም። ገሜዳ ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ከዚያች ሱቅ በርጩማ የማይጠፉ ጎረቤት ናቸው። እሳቸው ጴንጤ፣ ወንድይፍራው ኦርቶዶክስ ሆነው በእምነት ተነካክተው አያውቁም፤ የሚነታረኩት በፈርዖን ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን መሥራት የጀመረው ከግብፅ በወጡ በአራት መቶ ሰማንያኛው ዓመት እንደሆነ መጽሐፉ ይናገራል፤ ይህን ብትቆጥር ከራምሴስ ሁለት መቶ ዓመት ቀድመህ ፈርዖን ቱትሞስ ላይ ታርፋለህ ይላሉ ገሜዳ። ስድስት ዓመት እንዲህ ተከራከሩ። አፍ አውጥተው አይናገሩት እንጂ ሁለቱም ደስ ይላቸው ነበር።

መስከረም ላይ ግን፣ ሱቁ የበዓል ልብስ በሚወስድ ሰው በተሞላበት ሰዓት፣ ድካም ይሁን እልህ የወንድይፍራው ምላስ አመለጣቸው። "አንተ አንብበህ ነው፤ እኔ ለክቼ ነው። ያስተማርካቸው ልጆች ያሳዝኑኛል" አሉ። ሰው ሳቀ። መምህር ገሜዳ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በርጩማው ባዶ ሆነ። የወንድይፍራው ባለቤት ጽጌማርያም ሂድና ይቅርታ ጠይቅ ባሏቸው ቁጥር፣ የለካሁትን ልካድ ወይ እያሉ ይቆጣሉ። ከሰዓት በኋላ ግን የበሩ ጥላ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። ናፍቀዋቸዋል፤ ሌላ ስም የለውም።

ጥር ላይ የገሜዳ ባለቤት ወይዘሮ ጫልቱ አንድ ግራጫ ኮት ይዘው መጡ። ወንድይፍራው ራሳቸው ለገሜዳ ጡረታ የሰፉት ኮት ነው። በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት እንዲጠብ ፈለጉ። ገሜዳ ሁለት ወር ተኝተው ከርመዋል፤ አሁን ተሽሏቸዋል፤ ግን ልጃቸው ሶሊ ብቻችሁን አትሆኑም ብላ እሁድ ቢሾፍቱ ልትወስዳቸው ነው። ወንድይፍራው ኮቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

ወይዘሮ ጫልቱ ሲሄዱ ምላጫቸውን አንስተው የኮቱን ጎን መተርተር ጀመሩ። ስፌቱ ሲከፈት ከውስጥ የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ያኔ ሲቆርጡ በእስክሪብቶ የጻፉት የገሜዳ ልክ፣ ስድስት ዓመት ስፌት ውስጥ የኖረ። ይህን ያህል ሰው ነበር ብለው ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ሲያሹ ቆዩ። ድንገት ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

የፈርዖኖቹ ጨርቅ አንድ ወጥ ነው። የኦሪቱ ግን ከቁርጥራጭ የተቀጣጠለ ነው፤ እያንዳንዱን ቁራጭ እስከ ጠርዙ መትረው ከጻፉበት በኋላ ነበር የሰፉት። ከልደት እስከ ሙሴ ስፌቱን ቆጠሩ፤ አሥር። እያንዳንዱ ሁለት ሴንቲሜትር፣ ማለት ሃያ ዓመት ውጧል። ሁለት መቶ ዓመት ስፌት ውስጥ ቀርቷል። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ለስፌት የሚተወውን ትርፍ ለሙሴ ሳይተውለት! ለማጅ ቢያደርገው ጆሮውን ይቆነጥጡት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ኮቱንና የተጠቀለሉትን ጨርቆች ይዘው ሄዱ። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል፤ ገሜዳ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ከስቷል። ወንድይፍራው ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ ጨርቆቹን ወለሉ ላይ ዘረጉ፤ የተረተሯቸውን ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ ገጠሙ። ሙሴ ራምሴስን ለቆ ቱትሞስ አናት ላይ ቆመ።

"ልኬቴ ስህተት ነበር" አሉ። "ሰው ፊት ያልኩህም ስህተት ነበር። ያስተማርካቸው ልጆች ዕድለኞች ናቸው። ይቅር በለኝ።"

መምህር ገሜዳ መነጽራቸውን አድርገው ጨርቆቹን ተመለከቱ። ስድስት ዓመት የተከራከሩለት ድል እግራቸው ሥር ተዘርግቷል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሙሴን በጣታቸው ነኩት።

"ቆይ እንጂ ወንድዬ። የራምሴ ከተማስ? ኦሪት ላይ ተጽፏል ስትለኝ አልነበር?"

ያ የወንድይፍራው የራሳቸው ክርክር ነበር። ግራ ተጋብተው፣ "ልክ ነህ እያልኩህ እኮ ነው" አሉ።

"ልክ ነህ ካልከኝማ ቢሾፍቱ ድረስ ምን ብለህ ትመጣለህ?"

ወንድይፍራው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አልደበቁትም። ተነሥተው ኮቱን ገሜዳ ትከሻ ላይ አደረጉላቸውና ጎንና ጎኑን ሳብ ሳብ አድርገው አስተካከሉ።

"ጠበበ እንጂ አልቆረጥኩትም" አሉ። "ትርፉ ውስጡ አለ። ስትወፍር ልፈታልህ እመጣለሁ።"