ጎሬ ላይ የጮኸው ሞተር

በደሉን አስቀድሜ ልናገር። ሹፌር የሆነውን የልጅ ልጄን ደረጄን፣ የሚኒባሱ ባለቤት ኃይሉ መቱ መናኸሪያ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሚኒሞውን ነካክተህ ሞተሬን ገደልክ፤ ውሸታም!» ብሎ ቁልፉን ነጠቀው። ሚኒሞ የሚሉት መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ያለውን ፍጥነት ነው። ደረጄ አልነካሁም ብሎ ማለ። ማን ይስማው? በአደባባይ እንዲህ የተባለን ሹፌር ሌላ ባለ መኪናም አይቀጥረውም። እኔ ግን ኃይሉ ወደሚኖርበት ወደ ጎሬ ተነሳሁ። ይህን የምጽፈው ሁሩሙ ቤቴ ተመልሼ ነው።

ከሁሩሙ ወደ ጎሬ

የገበያ ማግስት ስለነበር ታክሲው ውስጥ የማር ጀሪካን እግር ማስቀመጫ አሳጥቶናል። መቱ ወርጄ የጎሬውን ያዝኩ። መንገዱ በጫካው መሐል ሽቅብ ሲወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ጆሮዬም ተደፈነ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ጎሬ ለምን ጉዳይ ነው?»

«ልጣላ።»

«ታዲያ ጋቢ ሳይይዙ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሷ ግን እውነቷን ነበር፤ ዘመድ ቤት ሳድር ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ።

ጎሬ፣ ጠዋት

ኃይሉን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግቢው ስደርስ ብድግ አለ።

«እትዬ አስካለ! ይግቡ፣ ቁርስ ይቅመሱ።»

«ፍርዱ ይቅደም።»

«እንግዲያው በጆሮዎ ይስሙት» ብሎ ሚኒባሱን አስነሳ።

ሞተሩ ጮኸ! ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ እኔም ደረቴን ያዝኩ።

«ሰሙ? መቱ ሲያድር እንዲህ ብሎ አያውቅም። እዚህ ማደር ከጀመረ ወዲህ በየጠዋቱ ይጮኻል። አሮጌ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሚኒሞ በብሎን ነው የሚስተካከለው፣ እጅ ካልነካው አይለወጥም።»

ልጄ በሐሰት ምሎ ይሆን? ቢሆንም እንዲህ አልኩት፦ «መቱ መካኒክ ጋ እንውረድ። አጥፍቶ ከሆነ እዚያው መናኸሪያ፣ ሰው ፊት እኔው እወቅሰዋለሁ።»

መቱ፣ ጋራዡ

በዚያው ሚኒባስ ወረድን። ጋራዡ በር ላይ ሲቆም ሞተሩ እንደተኛ ሕፃን ቀስ ብሎ ይተነፍስ ነበር። ዳግመኛ ደነገጥኩ። ኃይሉም ደንግጦ፣ «በመድኃኔ ዓለም፣ አሁን ጠዋት ጮኾ ነበር!» አለ።

መካኒኩ ቶለራ ሳቀበት። «ጋሼ ኃይሉ፣ ጎሬ በጠዋት ሲነሱ ምን ይለብሳሉ?»

«ጋቢ።»

«ጩኸቱም ለእሱ ጋቢው ነው። ሞተር ሲበርድ ዘይቱ ይወፍራል፤ ቤንዚኑም በደንብ አይተንም። ስለዚህ ቤንዚንም አየርም ጨመር አድርጎ ካልፈጠነ ይጠፋል። ሙቀቱን የሚለካ ዕቃ አለው፤ ሲሞቅ ራሱ ይቀንሳል። ድሮ በእጅ ይሠራ የነበረውን አሁን መኪናው ለብቻው ይሠራዋል። ጎሬ ይበርዳል፤ እርስዎም የሚሰሙት ገና ሲነሳ ነው። መቱ ሲያድር ግን እርስዎ ጋ የሚደርሰው ሞቆ ነበር።»

«የሚጮኸው ታሞ አይደለም?» አልኩ።

«አኮ፣ በብርድ ባይፈጥን ነበር የምሰጋው።» አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ነው።

ኃይሉ ባለማመን ራሱን ነቀነቀ። እኔም በወሬ ብቻ እንዲፈረድ አልፈለግሁም። «እዚህ ያደረ ሌላ መኪና አለ? ይነሳ!» አልኩ። ቶለራ ጥግ የቆመች ቀይ መኪና አስነሳ። ጮኸች! ቆመን ጠበቅናት። ሞተሯ እየሞቀ ሲሄድ ድምፅዋ ማንም ሳይነካት ረገበ።

የተለወጠው ማደሪያው ነው እንጂ መኪናው አልነበረም። በዚህ ነው ልጄ ውሸታም የተባለው! ንዴቱ ዛሬም አልወጣልኝም።

ኃይሉ አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ዘረጋልኝ። «ይኸው፣ እትዬ። እርስዎ ይስጡልኝ።»

እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። «የነጠቅሁት እኔ ነኝ እንዴ? እኔ ልወቅሰው ቃል የገባሁት የት ነበር? አንተስ የት ነው የምትመልስለት?»

ቁልፉን በመዳፉ ውስጥ አገላበጠው፤ ቶለራን አየ፣ እኔን አየ።

«መናኸሪያ» አለኝ። «ሰው ሳይበተን እንሂድ።»