ደጃፌ ላይ የተገኘው ግርግም

ከኢትዮጵያ ርቄ፣ ሙኑኪ በሚባል ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ፣ ቤተ እስራኤል መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ጎረቤቶቼ ለገና መግቢያው ላይ የሣር ግርግም ሠርተው አሻንጉሊት ሕፃን ሲያስተኙ፣ እኔ እስራኤል ያለችው አክስቴ እንዳስተማረችኝ መስኮቴ ላይ በየምሽቱ አንድ ሻማ እጨምር ነበር። በስድስተኛው ምሽት አከራዬ ማማ ርብቃ አንኳኩ። አማርኛቸው ኢትዮጵያ በስደት ሳሉ የለመዱት ነው።

«የኔ ልጅ፣ ሻማሽ ለምን በየቀኑ ይጨምራል?»

መዋሸት አማረኝ። ግን ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እንደ ውሃ ሲርገበገብ ሳይ፣ «የአይሁድ በዓል ነው፤ እኔም አይሁድ ነኝ» አልኳቸው።

ሻማዎቹን ቆጥረው ወጡ። ቤቱን ልቀቂ እንዳይሉኝ ፈራሁ።

ጠዋት በር ስከፍት ግርግሙ ከነሕፃኑ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። ማማ ርብቃ ጎንበስ ብለው ሣሩን ያስተካክላሉ።

«ገናን ዘመዱ ቤት ያሳልፍ ብለን ነው» አሉኝ።