የአራሷ ሙቅ

ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ስሰማ ዛሬም ጆሮዬ ፉጨት ይጠብቃል። ትናንት ከሥራ ስመለስ ከሲቀላ ገበያ ጎመንና ካሮት ይዤ ገባሁ፤ ደክሞኝ ስለነበር ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ ወንበሩ ላይ ተዘረርኩ። ፌስታሉ ብቻውን ቀስ እያለ ሲዘረጋ ተንኮሻኮሸ። ማንም አላፏጨም። እናቴ ከአልጋዋ ሆና «ምን አመጣሽ?» አለችኝ።

«ጎመን።»

«ዛሬም ጎመን» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናቴ ስኳር አለባት። ሐኪሙ የምትበላውንና የማትበላውን የጻፈበት ወረቀት ከራስጌዋ ተለጥፏል። ጠዋት ማታ እሱን እያየሁ ምግቧን እመጥናለሁ፤ እሷ ታኮርፋለች፣ እኔ እቆጣለሁ፣ በመጨረሻ ሁለታችንም ይደክመናል። እንዲህ ያለ ወረቀት ቤታችን ሲገባ ግን ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያው የተጻፈው ለጊኒ ፒጎች ነበር።

ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሴቻ ሰፈር፣ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ክፍል አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ተከራይታ ነበር፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ባልደረባዋ ሁለት ጊኒ ፒጎች ትቶላት ሄደ። ከጥንቸል ያንሳሉ፣ ጅራት የላቸውም፤ አንደኛዋ ቡናማ፣ ሌላዋ ነጭና ጥቁር። ጎረቤቶቻችን «መምህርቷ አይጥ ትቀልባለች» ብለው ተሳለቁ። እናቴም መጀመሪያ አልወደደቻቸውም። «ሰው አይጥ ለማጥፋት ድመት ያመጣል፣ እሷ ለአይጥ ጎመን ታጥባለች» ትል ነበር። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ ወደ ሣጥናቸው ነበር የምሮጠው። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ሲሰሙ በሁለት የኋላ እግራቸው ቆመው «ዊክ ዊክ ዊክ» እያሉ ያፏጫሉ፤ አጥር ተሻግሮ ያለ ጎረቤት ፌስታል ሲፈታ እንኳ ያፏጩ ነበር።

ክረምት ሲገባ መምህርቷ ለሥልጠና አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት። ሣጥኑን በረንዳችን ላይ አስቀመጠችና «እማማ፣ አደራዎን» አለች። እናቴ አደራ የሚለውን ቃል ቀለል አድርጋ የምትሰማ ሴት አይደለችም፤ ወዲያው ፊቷ ኮስተር አለ። መምህርቷ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ሣጥኑ ላይ ለጠፈች። አውቶቡሱ ሊያመልጣት ስለነበር «ሁሉም እዚህ አለ፣ ልጅቷ ታነብልዎታለች» ብላ ሮጠች።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ነቅላ ሰጠችኝና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። አነበብኩላት። ድርቆሽ ምንጊዜም ከፊታቸው አይጥፋ። ቅጠል ታጥቦ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ ለእያንዳንዳቸው በቀን አንድ እፍኝ። የፈረንጅ ቃሪያ በየቀኑ ትንሽ፣ ያለሱ ይታመማሉ። ውሃው ጠዋት ጠዋት ይቀየር። ሳነብ ጓደኞቼ ከበር ውጭ የዝላይ ገመድ ይዘው ስሜን ይጠራሉ።

«ሌላስ?» አለች እናቴ።

«ይኸው ነው» አልኳትና ወረቀቱን መልሼ ሣጥኑ ላይ ለጥፌ ሮጥኩ። ወረቀቱን አልገለበጥኩትም።

የመጀመሪያው ወር ሰላም ነበር። እናቴ ሳር አጭዳ ቆርቆሮው ላይ ታሰጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ግቢው በሙሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸት ነበር። ሀለኮ የምንለውን የሽፈራው ቅጠል ከአጥሩ ትቀነጥስላቸዋለች። አንድ ቀን በጋሞኛ ስታወራቸው ሰማኋት፤ ስታየኝ አፍራ ዝም አለች።

ከዚያ አንድ ማለዳ በጩኸቷ ነቃሁ። መምህርቷ ሁለቱም ሴት ናቸው ብላን ነበር። አልነበሩም። ቡናማዋ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ጠጉራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ተከፍቶ፣ በዚያው ቀን ሣጥኑ ውስጥ ይራወጣሉ።

«ወልዷል! አራስ ሆኗል!» ትላለች እናቴ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። አማርኛዋ ሲቸኩል ወንድና ሴት ይቀላቀልባታል።

በዚያች ሰዓት የቤታችን ሥርዓት ተለወጠ። እናቴ ነጭና ጥቁሩን ወንድ አንሥታ «ወንድ አራስ ቤት ምን ይሠራል?» ብላ ሌላ ካርቶን ውስጥ አስገባችው። አራሷን ንፋስና የሰው ዓይን እንዳይመታት ነጠላዋን ሣጥኑ ላይ ጣለች። ለደህና ቀን ያስቀመጠችውን የገረሴ ገብስ ዱቄት አውጥታ፣ ቅቤ ጨምራ፣ ሙቅ ሠራች። ከላንቴ የመጣ የበሰለ ሙዝም በሹካ ፈጨችላት።

«እንዴ እማ፣ ይበላሉ እንዴ?» አልኳት።

«አራስ ሙቅ ካልጠጣ ወተት ከየት ይመጣል?» አለችኝ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ያኔ በከፊል አውቅ ነበር፤ አሁን በደንብ አውቃለሁ። እናቴ የደጋዋ የገረሴ ልጅ ናት። በአገሯ አራስ ለወራት ከቤት አትወጣም፤ እናቷና እህቶቿ ሙቅና ቅቤ እያቀረቡ፣ ፊቷ እስኪያብረቀርቅ ይቀልቧታል። እሷ ግን ቤተሰቧ ያልፈቀደውን አግብታ ወደዚህ ቆላ ወረደች፤ እኔን ስትወልድ ከደጋ የመጣ ሰው አልነበረም። አባቴ ሥራ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ውሃ ቀዳች። አንድ ጊዜ ብቻ «አንቺን ስወልድ ደረቅ ቂጣ ነው የበላሁት» ብላኛለች፤ ያም ስለ ሌላ ሰው እየተወራ፣ በመሀል፣ እንደዋዛ።

እናም ያቺን ትንሽ እንስሳ በጣቷ ጫፍ አበላቻት። መጀመሪያ እምቢ አለች። እናቴ ተለማመጠቻት። በሁለተኛው ቀን ሙዙን ተስገብግባ በላች፣ ሙቁንም ላሰች፤ እናቴ እንደዚያ ቀን ስትደሰት ብዙ አላየኋትም። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ተነፍቶ ጥግ ላይ ተኮራመተች። ፌስታል አምጥቼ አጠገቧ አንኮሻኮሽኩ። ልጆቿ አፏጩ፤ እሷ ጭንቅላቷን አላነሣችም። በአራተኛው ቀን ማለዳ ደርቃ አገኘናት።

ያኔ ነው ወረቀቱን ከሣጥኑ መንጭቄ የገለበጥኩት። በስተጀርባው፣ ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበት፣ «ፈጽሞ የማይሰጥ» ይላል። ገንፎ፣ ሙቅ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ ቅቤ። ሙዝ በሳምንት አንዴ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ። እያለቀስኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፣ ትእዛዙን አውቃ እንደተላለፈች ሰው ቆጥሬያት።

«ገደልሻት!» አልኳት። «አንቺ ነሽ የገደልሻት!»

እናቴ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየች፤ ከፊት ለፊቱ፣ ከዚያ ከጀርባው። እንስሳዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ከማንጎው ሥር ቀበረቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱን በየጠዋቱ በሁለቱም ወገን ታስነብበኝ ነበር። ልጆቹ በድርቆሽና በቅጠል አደጉ።

መምህርቷ በተመለሰች ቀን እናቴ ከማለዳው ጀምሮ ስትቁነጠነጥ ዋለች። «አደራ በላ ሆንኩ» ትላለች ለራሷ። የበሩ ድምፅ ሲሰማ ከቧንቧው አጠገብ እርጥብ ሳር ነጭታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ከመምህርቷ ፊት ቆመች። በእናቴ አገር እርጥብ ሳር ይዞ የቆመን ሰው ማንም ገፍቶት አያልፍም። በድያለሁ፣ ማረኝ ማለት ነው። ሳሩን የተቀበለ ይቅር ብሏል።

መምህርቷ ይሄንን ከየት ታውቀዋለች? «ውይ እማማ፣ ለእነሱ ነው? እግዜር ይስጥልኝ!» አለችና ሳሩን ከእጇ ወስዳ ሣጥኑ ውስጥ ጨመረችው። ትንንሾቹ አፏጭተው በሉት። እናቴ ባዶ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

ከዚያ «አራሱን እኔ ነኝ የገደልኩት» አለቻት። ስለ ሙቁ፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ ሙዙ ሁሉንም ነገረቻት። መምህርቷ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቀችም።

«ወረቀቱ ላይ ጽፌልዎት ነበር እኮ፣ እማማ።»

«አዎ» አለች እናቴ። «ነበረ።»

እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ሳሩ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ጀርባውን ያላነበበው ማን እንደሆነም አውቅ ነበር። ሁለቱንም አልተናገርኩም። ወሩ ሳያልቅ መምህርቷ ሌላ ቤት አግኝታ ሣጥኗን ይዛ ሄደች። በዚያ የተነሣ ይሁን በሌላ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይሄንን ሁሉ የማወራችሁ ዛሬ ጠዋት በሆነው ነገር ነው። ጎረቤት ሙዝ ሰጥታት እናቴ ብርድ ልብሷ ውስጥ ደብቃ ስትበላ አገኘኋት። ሌሊቱን ስኳሯ ጨምሮ አልተኛሁም ነበር። ነጠቅኳት። «ራስሽን ልትገድይ ነው?» ብዬ ጮህኩ። እጄ ላይ ያለውን ሙዝ አየች፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን እንዳየችው። ያንን አስተያየቷን አውቀዋለሁ። ቃሉም የራሴ ቃል ነበር፣ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመቱ።

ሙዙን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወደ ግቢ ወጣሁ። ከቧንቧው ሥር ሳር አሁንም ይበቅላል። ነጨሁና በሁለት እጄ ይዤ ገብቼ ከአልጋዋ አጠገብ ቆምኩ። ውሃው በክንዴ ላይ ይወርዳል።

«ያን ጊዜ ወረቀቱን አልገለበጥኩትም» አልኳት። «ለጨዋታ ቸኩዬ ነው።»

ሳሩን አየችው።

«አውቃለሁ» አለች። «አራሱ በሞተ ቀን ስትገለብጪው እኮ አይቼሻለሁ። ወረቀት ጀርባ እንዳለው እኔ ያወቅሁት ያኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን ለመምህርቷ አልነገርሽም?»

«ሙቁን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። ቀጥላም፣ ቀስ ብላ፣ «ደግሞ ደስ ብሎት በልቶ ነበር» አለች።

እጇን ዘርግታ ሳሩን ተቀበለችኝ። ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና አስተካከለችው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው በአገጯ አመለከተች።

«በይ አሁን ሙዜን መልሽልኝ።»

ቢላዋ አመጣሁ። ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ ቆርጬ፣ በጣቴ ጫፍ አጎረስኳት።