ከአባቴ ኋላ የዞርኩት ድንበር

ባለፈው ሳምንት ካደግኩበት ከሺሺንዳ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው የአባቴን የበቆሎ መሬት የወሰደው ነጋዴ ልጅ ነው። አሁን በተራው ለሌላ ሰው ሊያስተላልፈው ነውና፣ ድንበሩን ከዞሩት በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ መጥቼ እንዳሳይ በትሕትና ለመነኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ግን ቦንጋ መሀል፣ በገዛ ሳሎኔ፣ አፈር የነካው ይመስል መዳፌን በቀሚሴ ጠረግኩ። ስንት ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ በጭብጥ አፈር እፈራለሁ ብል ማን ያምነኛል?

ያኔ ኮረዳ ነበርኩ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። የአባቴ እግር እያበጠ ሄዶ ጅማ ካልታከመ እንደማይድን ተነግሮት ነበር፤ ያለን ሀብት ደግሞ ከአያቱ የወረደው መሬት ብቻ ነው። መሬት አይሸጥም ይባላል፤ ሕጉም እንደዚያ ነው። ሰው ግን ሲቸግረው “ለቀቅኩልህ” ይላል፣ ሽማግሌም ይመሰክራል።

በእኛ ሰፈር መሬት የሚለቅ ሰው በመዳፉ አፈር ይዞ ድንበሩን ይዞራል። ልጁ ዱካውን እየረገጠ ይከተለዋል። ከዋሸ አፈሩ እሱን አይነካውም፤ የሚበላው ከኋላ የሚከተለውን ነው ይባላል።

አያቴ በጎረቤታችን በእትዬ አስካለች መሬት ላይ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ ማረሱን የማያውቅ አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ማንም አይናገርም። ታላቅ ወንድሜ በወባ የሞተ ጊዜ ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ “ትልሙ ነው የበላው” ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ዋዜማውን ለአባቴ እንደፈራሁ ነገርኩት። “ጌታን የተቀበለ ሰው አፈር አይፈራም” አለኝና ቆጮውን ቆርሶ ሰጠኝ። ሳልቀምሰው መልሼ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና ምድሩ ጭቃ ነበር። አባቴ ያነክሳል፣ እኔ እከተላለሁ፣ ሽማግሌዎቹና ነጋዴው ከጎን ይሄዳሉ። እትዬ አስካለች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከማሳዋ ዳር ቆማ ታያለች። የበቆሎው ቅጠል ፊቴን ሲነካኝ እንኳ እደነግጥ ነበር። ወንድሜ ሲሞት የተንቀጠቀጠው መንቀጥቀጥ አሁኑኑ የሚጀምረኝ መሰለኝ።

ከእትዬ አስካለች ማሳ ጋር የምንዋሰንበት ሾላ ዛፍ ጋ ስንደርስ አባቴ ቆመ። ወደ ታች እስከ ወንዙ ከሄደ የተገፋው መሬት የእኛ ነው ብሎ ማለ ማለት ነው። ዞሮ አየኝ። አፈሩ በላቡ ጭቃ ሆኖ በጣቶቹ መሀል ይወጣ ነበር። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ያማረውን በቆሏችንን እየገፈተረ፣ በመሀሉ ሄደ።

“ጋሼ፣ ድንበሩ በወንዙ በኩል አይደለም እንዴ?” አለ ነጋዴው።

“አይደለም። ያ የአስካለች ነው። የገፋው አባቴ ነው።”

ነጋዴው ተከፋ። መሬቱን ወሰደ፣ ግን ለወንዝ ዳሩ ብሎ ያሰበውን ገንዘብ ቀነሰ። የተረፈው ለጅማ አልበቃም። አባቴ እስኪሞት ድረስ አነከሰ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ፣ አፈር አይፈራም ብሎኝ ሳለ በነገሩ ያምንበት እንደሆነ ጠየቅኩት።

“አላምንበትም” አለ ዱላውን ተደግፎ። “አንቺን አስይዤ ግን አልሞክረውም።”

ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። የሚጠብቀኝ እውነተኛው ድንበር ነው፤ የምዋሸው ነገር የለኝም። ሆኖም የልጅ ልጄ ማሳውን ልይ፣ ከኋላሽ ልከተል ስትለኝ፣ መንገድ ዳር መኪናው ውስጥ ትጠብቂኛለሽ አልኳት። ለምን ብላ ተቆጣች። ጭቃ ነው አልኳት።

እኔም እኮ አላምንበትም።